የተደፋችው ጣሳ

ደባርቅ ላይ ጠላ ቤት ለማግኘት ሰው መጠየቅ አያሻም፤ ደጃፉ ላይ በቆመ እንጨት ጫፍ የተደፋችው ጣሳ ትጠራለች። ጎንበስ ብዬ ስገባ መደቡ ላይ ያሉት ሁሉ ብድግ ይላሉ። «ኖር!» «በእግዜር!» አያውቁኝም፤ ቦታ ግን ይለቁልኛል። እንዲህ ያለ አቀባበል በትልልቅ ከተሞች ቡና ቤቶች አላገኘሁም።

ጠላው የደጋ ገብስ ነው፤ በወይራ በታጠነ ጋን ጌሾና ብቅሉ ተጠንስሶ፣ እንኩሮ ገብቶበት፣ ቀናት ሰንብቶ የጠለለ። የቤቱ እመቤት እትዬ መጀመሪያ ጥቂት መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ራሳቸው ይቀምሳሉ፤ ከዚያ ለእኔ ይቀዳሉ። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ምሽቱ ይበርዳል። ከሰሜን ተራሮች የወረደ በቅሎ ነጂ ጋቢውን አላልቶ ስላየው ዋልያ ያወጋል።

«ድገም እንጂ፣ በሞቴ!» ይሉታል እትዬ።