የፍሪሲዮን ክብደትና የደጋ አየር

«ቤንዚን በኤሌክትሪክ ተመጥኖ የሚረጭለት ሞተር ለከፍተኛ ስፍራ ሌላ ማስተካከያ አያሻውም» የሚል አሳብ በአሽከርካሪዎች ዘንድ ይዘወተራል። እኩሌታው እውነት ስለ ሆነ ይበልጥ ያሳስታል።

በኮሎራዶ ተራሮች፣ 3000 ሜትር ላይ፣ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው 74 በመቶ ያህል ነው። መርጫው ቤንዚኑን ከሳሳው አየር ጋራ ያመጣጥናል፤ የጐደለውን ኀይል ግን አይተካም። በቺንጋ የሚነዳው ባለ አራት ጐማ የዱር መኪና ደግሞ በፍሪሲዮኑ ውስጥ ክብደቶች አሉት። እነዚህ በዙር ኀይል ወደ ውጭ ተወርውረው ፑሌጃውን ያጣብቃሉ፤ ጕልበታቸው የሚወሰነው በክብደታቸውና በዙሩ ፍጥነት እንጂ በአየሩ አይደለም። ስለዚህ የደከመው ሞተር የቆላውን ሸክም ይዞ ደጋ ይወጣል፤ ከሚበረታበት ዙር በታች ይቀራል፤ ሰው በሌለበት አቀበት ላይ ቺንጋው ግሎ ሊበጠስ ይችላል።

መድኃኒቱ ክብደቶቹን ማቅለል ነው፤ ልኩንም የሚናገረው የዙር መቁጠሪያው ነው። ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶ ዙሩ ፋብሪካው ከወሰነው ካነሰ ይቃለል፣ ከበለጠ ይጨመር። ቆላ ሲወርዱ ክብደቱን መመለስ ግድ ነው፤ አለዚያ ሞተሩ ከልኩ በላይ ይሽከረከራል። አየር አጭቆ የሚያስገባ ቱርቦ ያለው ሞተር ግን ለውጥ የሚሻው በጥቂቱ ነው።

ነገሩ ለእኛም የሩቅ አይደለም። 2400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። እንግዲህ ጥያቄው «ቤንዚኑ ተመጥኗል ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ሸክሙስ?» መሆን ይገባዋል።