ሪፖርቱን ገልብጦ ማየት

ሽሮ ሜዳ ወጥታ የሐበሻ ቀሚስ የምትገዛ ልብስ ዐዋቂ ሴት አስተውላችሁ ከሆነ፣ ቀሚሱን እንደተቀበለች ጥለቱን ትገለብጠዋለች። ፊቱን ማንም ያሳምረዋል። ክሩ የት ላይ እንደተቋጠረ፣ የት እንደተቀጠለ፣ ሸማኔው የት ላይ እንደቸኮለ የሚናገረው ጀርባው ነው። ጀርባውን በእጇ ዳብሳ ነው ዋጋ የምትጠይቀው።

እኔም የትልልቅ ባንኮችን የዘላቂነትና የአስተዳደር ሪፖርት የማነበው እንደዚሁ ነው። ችግኝ የያዙ ሠራተኞች ፎቶግራፍና የፕሬዚዳንቱ መልእክት ፊቱ ናቸው፤ አልፋቸዋለሁ። የሰንጠረዡ የመጨረሻ ዓምድና በትንንሽ ፊደል የተጻፈው የግርጌ ማስታወሻ ጀርባው ናቸው፤ እዚያ እቀመጣለሁ። ብዙ ሰው ይህን ዓይነት ጽሑፍ አሰልቺ ይለዋል። እኔ ግን በደንብ የተሠራ ሲያጋጥመኝ ጥሩ ጥለት እንዳየ ሰው ደስ ይለኛል። ዛሬ አንዱን አብረን ብንገለብጠው ብዬ ነው።

የመረጥኩት የሆላንዱን ኤ.ቢ.ኤን አምሮ ባንክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሁለት ባንኮች ተዋህደው የፈጠሩት፣ በ2008 የፋይናንስ ቀውስ ጊዜ መንግሥት ገዝቶ የያዘው፣ በ2015 ደግሞ ወደ አምስተርዳም የአክሲዮን ገበያ የተመለሰ ባንክ ነው። ለደንበኞቹ ካበደረው ገንዘብ ከግማሽ በላዩ፣ ወደ 150 ቢሊዮን ዩሮ የሚጠጋው፣ የመኖሪያ ቤት ብድር ነው። የሆላንድ ቤት ደግሞ በአብዛኛው የሚሞቀው በተፈጥሮ ጋዝ ነው። እንግዲህ ባንኩ የራሱን መብራት ቢያጠፋና የራሱን መኪናዎች ቢቀይር የሚቀንሰው ጢስ ኢምንት ነው። ዋናው ጢስ የሚወጣው ከተበዳሪዎቹ ጣሪያ ነው።

ታዲያ ከዚያ ጢስ የባንኩ ድርሻ ስንት ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ የሚያስማማ መልስ ግን ለረጅም ጊዜ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2015 በፓሪሱ የአየር ንብረት ጉባኤ ሰሞን፣ በኤ.ኤስ.ኤን ባንክ አነሳሽነት 14 የሆላንድ የፋይናንስ ተቋማት ይህን በአንድ ዓይነት ስሌት ለመሥራት ተስማሙ። ኤ.ቢ.ኤን አምሮም ቀድመው ከገቡት አንዱ ነበር። ፒካፍ ተብሎ የሚጠራው ይህ ኅብረት በ2019 ለዓለም ሁሉ ተከፈተ፤ በ2020 የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ የስሌት መመሪያ አወጣ። መመሪያው ብድርና ኢንቨስትመንትን በስድስት ዓይነት ከፍሎ ለእያንዳንዱ ቀመር ሰጠ። በ2022 የመንግሥት ቦንድ ተጨምሮ ሰባት ሆኑ።

የቤት ብድሩን ቀመር በአንድ ቤት ላይ እንሞክረው። ሮተርዳም ውስጥ አንድ ባልና ሚስት 400,000 ዩሮ የሚያወጣ ቤት ሲገዙ ባንኩ 300,000 አበደራቸው እንበል። የባንኩ ድርሻ 75 በመቶ ነው። ቤቱ በዓመት 4 ቶን የካርቦን ልቀት ቢኖረው፣ 3 ቶኑ በባንኩ ስም ይመዘገባል። እስከዚህ የሚያከራክር ነገር የለም።

ቋጠሮው የሚመጣው ቀጥሎ ነው። ከዓመታት በኋላ ባልና ሚስቱ ከዕዳቸው ከፍለው 200,000 ቀራቸው። ማካፈያው ቤቱ ሲገዛ የነበረው ዋጋ ስለሆነ የባንኩ ድርሻ ወደ 50 በመቶ ይወርዳል፤ በስሙ የሚጻፈው 2 ቶን ብቻ ይሆናል። ማሞቂያው ግን ያው ማሞቂያ ነው፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣውም ያው 4 ቶን ነው። ሰንጠረዡ ላይ መሻሻል ታየ፤ አየሩ ላይ ምንም አልተለወጠም።

የባለሙያ እጅ የሚለየው እዚህ ነው። ጥሩ ሪፖርት ጠቅላላውን ቶን ብቻ አስቀምጦ አይሄድም። አጠገቡ ሌላ መለኪያ ያቆማል፤ በአንድ ካሬ ሜትር ስንት ኪሎ ግራም የሚለውን። ይህ ቁጥር ዕዳ ሲከፈል አይቀንስም። የሚቀንሰው የቤቱ ግድግዳና ጣሪያ ቅዝቃዜ እንዳያስገባ ሲደረግ ወይም ማሞቂያው ሲቀየር ነው። ባንኩ በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአየር ንብረት ስትራቴጂ ለቤት ብድር ግብ ሲያስቀምጥ በዚህ መለኪያ መጠቀሙን እንደ ጥሩ ሙያ እቆጥረዋለሁ፤ በቀላሉ የሚወርደውን ቁጥር ትቶ ሥራ የሚጠይቀውን መርጧልና።

ለኩባንያ በሚሰጥ ብድርም ተመሳሳይ ቋጠሮ አለ። የባንኩ ድርሻ የሚሰላው ብድሩን ለኩባንያው ጠቅላላ ዋጋ በማካፈል ነው። ኩባንያው በአክሲዮን ገበያ የሚገበያይ ከሆነና ዋጋው ከወደቀ ማካፈያው ያንሳል፤ የባንኩ ድርሻም፣ በስሙ የሚጻፈው ልቀትም ከፍ ይላል። ፋብሪካው አንድ ኪሎ ተጨማሪ ጢስ ሳያወጣ ማለት ነው። ጠንቃቃ ሪፖርት ከቁጥሩ ሥር «ጭማሪው የመጣው ከአክሲዮን ዋጋ መውረድ ነው» ብሎ ይጽፋል። ሲቀንስለትም በዚያው ቅንነት ምክንያቱን ይጽፋል፤ ሙያው የሚፈተነው በዚህኛው ነው።

አሁን ወደምወደው ዓምድ መጣሁ። በሰንጠረዡ ዳር ያለ ጠባብ ዓምድ ነው፤ የመረጃ ጥራት ነጥብ ይባላል፤ ከ1 እስከ 5 ይሰጣል። ለቤት ብድር እንዲህ ይነበባል። የቤቱ ትክክለኛ የኃይል ፍጆታ በቆጣሪ ታውቆ፣ የኃይል አቅራቢውም የራሱ የልቀት ልክ ከተገኘ 1 ነው። ፍጆታው ታውቆ የልቀት ልኩ በአማካይ ከተወሰደ 2 ነው። የቤቱ የኃይል ቆጣቢነት ደረጃና ስፋቱ ታይቶ የተገመተ ከሆነ 3። የቤቱ ዓይነት፣ ያለበት ቦታና ስፋቱ ብቻ ከታወቀ 4። ስንት ቤት እንዳለ ተቆጥሮ በአገር አቀፍ አማካይ ከተባዛ 5 ነው።

ይህች ዓምድ የምትለውን አስቡት። ባንኩ በአንድ እጁ ቁጥሩን እየሰጠ በሌላ እጁ «ይህን ያህል ነው ልታምኑኝ የሚገባችሁ» ይላል። ቁጥር የሚሰጥ ብዙ ነው፤ ከቁጥሩ ጋር የቁጥሩን ድክመት መዝኖ የሚሰጥ ጥቂት ነው። ነጥቡ ከ4 ወደ 3 ሲሻሻል ደግሞ ዋናው ቁጥር ብዙ ጊዜ ይናወጣል፤ ግምቱ በተሻለ መረጃ ተተክቷልና። ያን ጊዜ ጥሩ ባንክ ያለፈውን ዓመት ቁጥር በአዲሱ ስሌት እንደገና ሠርቶ፣ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ይተነትናል። ሸማኔ የተሳሳተውን ጥለት ፈትቶ እንደገና ሲሠራው ማለት ነው፤ ልፋቱ ብዙ ነው፤ ከፊት ሆኖ ለሚያይ ግን አይታይም።

ሁለተኛው የምወደው ዓምድ ስለማይታወቀው የሚናገረው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ትልልቅ ባንኮች እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ሂሳብ ጀምሮ በቤትና በሕንፃ መያዣ የሰጡትን ብድር በኃይል ቆጣቢነት ደረጃ ከፋፍለው እንዲያሳዩ ይገደዳሉ። ደረጃው ከኤ እስከ ጂ ይሄዳል። ከጂ ቀጥሎ ግን ሌላ ዓምድ አለ፤ «ደረጃ የሌላቸው»። የደረጃ ምስክር ወረቀት በአብዛኛው የሚወጣው ቤት ሲሸጥ ወይም ሲከራይ ስለሆነ፣ ለብዙ ዓመት ባለቤቱ ያልተለወጠ ቤት ወረቀት ላይኖረው ይችላል። ከዚያ አጠገብ ደግሞ ከእነዚህ ስንት በመቶው በግምት እንደተሞላ ይጻፋል። ቅጹን የነደፉት ሰዎች ለማይታወቀው ነገር የራሱ ቦታ፣ የራሱ መቶኛ ሰጥተውታል። ባዶነት እንደማንኛውም ቁጥር ተቆጥሮ ሲቀመጥ አንባቢው የቆመበትን መሬት ያውቃል።

ሦስተኛው ከመጨረሻዎቹ ገጾች የማነበው የኦዲተሩ ቃል ነው። በሂሳብ መግለጫው ላይ ኦዲተሩ በቀጥታ ይመሰክራል፤ መግለጫው እውነተኛና ትክክለኛ ገጽታ ያሳያል ይላል። በዘላቂነት መረጃው ላይ ውስን ማረጋገጫ ብቻ ሲሰጥ ግን ዓረፍተ ነገሩ ይዞራል፤ መረጃው በመመሪያው መሠረት አልተዘጋጀም የሚያሰኝ ነገር አላጋጠመንም ይላል። የመጀመሪያው «አይቻለሁ፣ ደህና ነው» ነው። ሁለተኛው «በፈተሽኩት ልክ መጥፎ አላየሁም» ነው። የአንዲት አሉታዊ ግስ ልዩነት የብዙ ሳምንት ምርመራ ልዩነት ነው። ይህን ለይቶ የማያነብ ሰው ግምትን እንደ ምስክርነት ይወስዳል።

አስተዳደሩን በሚመለከተው ክፍል ደግሞ ዓይኔ የሚያርፈው በተራ ነገር ላይ ነው፤ የተቆጣጣሪ ቦርድ አባላት የስብሰባ መገኘት ላይ። የሆላንድ የኮርፖሬት አስተዳደር ደንብ የእያንዳንዱ አባል መቅረት እንዲገለጽ ይጠይቃል። በስም፣ ከስንት ስብሰባ ስንቱ ላይ ተገኘ ተብሎ ይጻፋል። ስለ ትጋትና ስለ ቁርጠኝነት ከሚጻፍ አንድ ገጽ ይልቅ ይህች አንዲት መስመር ታስረዳኛለች። ደንቡን ያልፈጸመ ድርጅት ደግሞ ለምን እንዳልፈጸመ ማስረዳት አለበት፤ ዝም ብሎ ማለፍ የለም።

የሪፖርት ሥራ ትልቁ ፈተና የራስን ጥፋት መጻፍ ነው። በሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. ኤ.ቢ.ኤን አምሮ ሕገ ወጥ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን ለመከላከል ግዴታውን ባለመወጣቱ ከሆላንድ ዐቃቤ ሕግ ጋር በ480 ሚሊዮን ዩሮ ተስማማ፤ 300 ሚሊዮኑ ቅጣት፣ 180 ሚሊዮኑ ያላግባብ የተገኘ ጥቅም መመለሻ ነበር። ገንዘቡ በዚያ ዓመት ሂሳብ ወጪ ሆኖ ተመዝግቧል። በዓመቱ ደግሞ፣ በ2022፣ ባንኩ አምስተርዳም የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የማኅበራዊ ታሪክ ተቋም አስጠንቶ ያገኘውን ይፋ አደረገ። ከቀደምት ባንኮቹ መካከል ሆፕ ኤንድ ኮና ሜስ ኤን ዞነን በባሪያ ንግድና በባሪያ ጉልበት በሚለሙ እርሻዎች ላይ በገንዘብና በኢንሹራንስ ተሳትፈው እንደነበር ጥናቱ አሳየ። ባንኩም ይቅርታ ጠየቀ። ጥፋቱ በመጻፉ አልተሻረም፤ የተጎዱትም በጽሑፍ አልተካሱም። ግን ያልተጻፈ ጥፋት ላይ ማንም ጥያቄ ሊያነሣ አይችልም።

ሪፖርት ቤት አያሞቅም፣ ጢስም አይቀንስም፤ ይህን አውቃለሁ። ክፉ ሥራ የሚሠራ ድርጅትም ያማረ ሪፖርት ሊያወጣ ይችላል። ሆኖም ጀርባው ንጹሕ የሆነ ሪፖርት ለሚጠይቀው ሰው መያዣ ይሰጠዋል። በሚመጣው ዓመት ተመልሶ «ያን ጊዜ ይህን ብላችኋል፤ አሁንስ?» ማለት ይችላል። የሙያው ክብር ያለው በዚህ ነው።

ለእኛም ጊዜው ደርሷል። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሲከፈት የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ ነበር። በአገራችን ብዙ ቤተሰብ የባንክ አክሲዮን አለው፤ በየዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የታተመ ሪፖርት ይታደለዋል። አብዛኛው ሰው የትርፍ ድርሻውን አይቶ ይዘጋዋል። እባካችሁ ዘንድሮ ሦስት ነገር ፈልጉ። የትኛው ቁጥር ተቆጥሮ፣ የትኛው ተገምቶ እንደተጻፈ። ካለፈው ዓመት ሪፖርት የተለወጠ ቁጥር ካለ ምክንያቱ እንደተገለጸ። የቦርዱ አባላት ስንት ጊዜ እንደተሰበሰቡና ማን እንደቀረ። ካላገኛችሁት እጃችሁን አውጥታችሁ ጠይቁ፤ ገንዘቡ የእናንተ ነው። ሸማኔውን ጎበዝ የሚያደርገው ጥለቱን ገልብጦ የሚያይ ገዢ ነው።