«ጨዋ» ማን ነው?

ዛሬ «ጨዋ ልጅ» ስንል አፉን የሚጠብቅ፣ ታላቅ የሚያከብር ማለታችን ነው። እኔ ባደግኩበት በሽንዲ ግን ቃሉ ሌላም ሥራ አለው። ሽማግሌ ሊላክ ሲታሰብ «የጨዋ ልጅ ናት ወይ?» ይባላል። የሚጠየቀው ጠባይዋ እንዳይመስላችሁ፤ አጥንቷ ነው። አባቷ ሸማኔ፣ እናቷ ሸክላ ሠሪ ከሆኑ፣ የቱንም ያህል ትሑት ብትሆን ወሬው እዚያው ያበቃል። በቤተ ክህነት ደግሞ ጨዋ ማለት ክህነትም የቤተ ክርስቲያን ትምህርትም የሌለው ሰው ነው።

እንዴት አንድ ቃል ይህን ሁሉ ተሸከመ? በግእዝ «ፄወወ» ማለት ማረከ፣ «ፄዋ» ደግሞ ምርኮ ነው። የግእዙ «ጸ» በአማርኛ «ጨ» መሆኑ የተለመደ ነው፤ «ጼው» ጨው፣ «ጽልመት» ጨለማ እንደሆኑት። በመካከለኛው ዘመን የንጉሥ ጭፍሮች በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም (እ.ኤ.አ. 1434–1468) በየአውራጃው አስፍሯቸዋል። የቀረውን መንገድ እንዲህ አነበዋለሁ፦ ጭፍራው መሬት አገኘ፣ መሬቱ ዘር አስቆጠረ፣ የባለመሬቱ ልጅ አመልም «ጨዋነት» ተባለ። ጦር እንጂ መጽሐፍ የማያውቀው ይኸው ሰው ለካህኑ ያልተማረ ሆኖ ቀረ።

በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በዚህ ቃል በኩል ደግማችሁ አንብቡት። በዛብህ የቤተ ክህነት ተማሪ ነው፤ ስለዚህ ለካህናቱ ጨዋ አይደለም። የድሀ ገበሬ ልጅ ነው፤ ስለዚህ ለፊታውራሪ መሸሻም ጨዋ አይደለም። በጠባይ ከሄድን ግን ከቤቱ ሁሉ ጨዋው እሱ ነው። ፊታውራሪ ደግሞ በአጥንታቸው እየተመኩ በገባሮቻቸው ላይ ዘምተው ራሳቸው ይማረካሉ። ደራሲው አስቦበትም ይሁን ሳያስብበት፣ ጨዋው ሰውዬ ወደ ግእዙ ትርጉም ተመለሱ፦ ምርኮኛ ሆኑ።

ለእኔ የመጽሐፉ ጉልበት እዚህ ላይ ነው። «ጨዋነት» የሚባለው ጠባይ ከዘር ጋር እንደተሰፋ ያሳየናል፤ ስፌቱንም ይተረትረዋል። እኛ ግን መልሰን እየሰፋነው ነው። ኢንተርኔት ላይ ሐሳቧን የተናገረች ሴት «ጨዋ አይደለሽም፣ ማን አሳደገሽ?» ስትባል ስለ ንግግሯ የተባለ ነገር የለም፤ ወላጆቿ ናቸው የተሰደቡት። የሽንዲው ሽማግሌ ቢያንስ አጥንት እየጠየቀ መሆኑን አይደብቅም።

ቃሉን እንጣለው አልልም፤ ደግ ሰውን የምንጠራበት ሌላ እንዲህ ያለ አጭር ቃል የለንም። ግን ለሸክላ ሠሪዋም ልጅ እኩል እስኪባል ድረስ ሥራውን አልጨረሰም።