መርማሪው ለማን አደረ?

በካርሎ ሉካሬሊ «አልቤርጎ ኢታሊያ» (2014 እ.ኤ.አ.) ካፒቴን ኮላፕሪኮና ዛፕቲየው ኦግባ፣ በቅኝ ግዛቷ አስመራ ሆቴል ውስጥ ተሰቅሎ የተገኘውን ሰው ጉዳይ ይመረምራሉ። ኦግባ ብልህ ነው፤ ደስ ይላል። ግን እንዴ! ብልሃቱ ለማን ገባ? በእንዲህ ያለ ልብ ወለድ ነፍሰ ገዳዩ ሲታወቅ ፍትሕ የወጣ ይመስለናል፤ ሕጉ ግን የገዢው ነው።

እስቲ ከእንጦጦ ቁልቁል ስድስት ኪሎን እዩት። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የጣሉት እዚያ ገነተ ልዑል ግቢ ነው። ጣሊያኖቹ መርማሪ አላጡም። የጦር ዐቃቤ ሕጋቸው «ማስረጃ» አቀረበ፤ ግንቦት 13 ቀን፣ በራሳቸው ቁጥር እንኳ፣ 297 የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። እዚህ ላይ ምርመራው ራሱ የወንጀሉ አካል ነው።

ይህን በአማርኛ የሚጽፍ ቢገኝ መርማሪው ዛፕቲየ ባይሆን ይሻለኛል። የየካቲቱን ቃጠሎ ከእንጦጦ ሆና ያየች እንጨት ለቃሚ ትሁን፤ ሪፖርት የምታቀርብለት አለቃ የላትም።