ስለ ምጽዋ ሰፈር የተጻፈውና የእኛ መጠይቅ

ስለ ጥንታዊት የባሕር ወደብ ሰፈር ኑሮ በሚዛን ተፈሪ ሆኖ መጻፍ ለአንዳንዱ አንባቢ እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል። ከዚህ እስከ ቀይ ባሕር ያለው መንገድ ረዥም ነው፤ ምጽዋም ኤርትራ ነጻ አገር ከሆነችበት ከ1993 ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የሌላ መንግሥት ወደብ ናት። ይሁን እንጂ የጅቡቲው ምድር ባቡር ሳይሠራ፥ በባሮ ወንዝም ላይ የእንፋሎት መርከብ ወደ ጋምቤላ መመላለስ ሳይጀምር፥ ከእናርያና ከከፋ የሚወጣው ቡና፥ የዝሆን ጥርስና ባሪያ በጎጃም በባሶ ገበያ፥ ከዚያም በጎንደር አድርጎ ወደ ባሕር ይወርድ ነበር፤ መውጫውም ምጽዋ ነበረች። ስለዚህ የእኛ አገር ሰው ሳይወድ ያደረባት ሰፈር ናት ማለት ይቻላል።

ነገሩን ያነሣሁት ሪቻርድ ፓንክኸርስት ስለ ኢትዮጵያ ከተሞች ታሪክ በ1982ና በ1985 በሁለት ቅጽ ያሳተሙትን መጽሐፍ፥ በተለይ ስለ ምጽዋ የሚናገረውን ክፍል፥ ደጋግሜ ስላነበብሁ ነው። የመጽሐፉን ጥቅም ማንም አይክድም። በየቤተ መጻሕፍቱ ተበታትኖ የነበረውን የተጓዦች ጽሑፍ በአንድ ቦታ ባይሰበስቡልን ኖሮ፥ እኛ በጠረፍ ያለን ተማሪዎች ስለ ወደቢቱ አንድ ገጽ እንኳ ባልጻፍን ነበር። ነቀፌታዬ በደራሲው ትጋት ላይ አይደለም፤ ሰፈርን የምንመለከትበትን ዐይን ይመለከታል።

ምጽዋ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ደሴት ናት። ኦቶማኖች በ1557 ከያዟት ጀምሮ ባለጠጋው ከባሕር በወጣ የዛጎል ድንጋይ፥ ባለ እንጨት ሰገነት ቤት ሲሠራ፥ ድኻው በጭራሮና በሣር ጎጆ ተጠጋግቶ ይኖር ነበር። እሳት በተነሣ ጊዜ አንዱ ጎጆ ሌላውን ያቃጥላል። ሙቀቱም የታወቀ ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ይህን ያህል ሕዝብ የተጨናነቀባት ደሴት የሚጠጣ ምንጭ የሌላት መሆኗ ነው። የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ቢኖርም አይበቃም፤ ስለዚህ ውሃው በየቀኑ ከምድሩ ወገን፥ ከሕርጊጎና ከምንኩሉ፥ በጀልባ፥ በአህያና በሴቶች ጀርባ ይመጣ ነበር። ባለ ሀብቱ ነጋዴ ደግሞ ቀን በደሴቲቱ ነግዶ፥ ማታ ነፋስ ወዳለበት ወደ ምንኩሉ ወይም ወደ ሕጡምሎ ሄዶ ያድር ነበር። (እኛ ዝናብ የማይጠፋበት አገር ልጆች ስለ ሆንን፥ ውሃ በገንዘብ የሚገዛበትን ከተማ ማሰብ ያስቸግረናል።)

እንግዲህ የዚህች ሰፈር ነዋሪ ማን ነው? ቤቱ በደሴቲቱ ሆኖ ሌሊት የማይገኘው ነጋዴ ነውን? ወይስ ቤቷ በምንኩሉ ሆኖ፥ እርሷ አንድ ቀን ብትቀር ደሴቲቱ በጥም የምትጨነቀው ውሃ ተሸካሚ ናት? መጽሐፉ ይህን ጥያቄ አያነሣም። የሚያነሣበትም ምክንያት አልነበረውም፤ ምንጮቹ ተጓዦች ናቸውና፤ ተጓዥ ደግሞ የሚጽፈው ስለ ጉምሩኩ፥ ስለ ገዢው፥ ስለ ሸቀጡ ዋጋና ስለ ራሱ ሕመም ነው። ውሃ ተሸካሚዋ የምትታየው በመንገድ ስታልፍ ብቻ ነው። በ1870ዎቹ በግብፅ አገዛዝ ዘመን ሙንዚንገር ደሴቶቹን ከምድር ጋር የሚያገናኘውን ድልድይና ከምንኩሉ የሚመጣውን የውሃ መስመር ባሠራ ጊዜ፥ ታሪኩ እንደ ልማት ይነገራል፤ ልማትም ነበር። ነገር ግን በመሸከም ይኖሩ የነበሩት ሴቶች ከዚያ በኋላ ምን ሠርተው እንደ በሉ የሚጠይቅ አላገኘሁም።

ይህን በደራሲው ላይ ብቻ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ እኔው ራሴ በቴፒ በአንድ የተጨናነቀ አሮጌ ሰፈር ለትምህርቴ ጥናት ሳደርግ ይህንኑ ስሕተት ሠርቻለሁ። መጠይቄ ክፍሎቹ ስንት እንደ ሆኑ፥ በአንድ ክፍል ስንት ሰው እንደሚያድር፥ ማድቤቱና መጸዳጃው የጋራ ወይም የግል መሆኑን ይጠይቃል። አንዲት እናት በር ላይ ቆመው ሲመልሱልኝ፥ ከእኔ ኋላ እንጨት የተሸከመች ሴት መጥታ ሸክሟን ከአጥሩ ሥር አወረደች፤ ገንዘቧን ተቀብላም ሄደች። መንገድ ለቅቄላት መጠይቄን ቀጠልሁ።

በከፋና በሸካ ማንጆ የሚባሉት ወገኖቻችን በጫካው ዳር እየኖሩ ለከተማው እንጨት፥ ከሰልና ማር ሲያቀርቡ የኖሩ ናቸው። በአደን ያገኙትን የጉሬዛና የከርከሮ ሥጋ ይበላሉ እየተባለ፥ ሌላው ሰው አብሯቸው በማዕድ አይቀመጥም፥ ወደ ቤትም አያስገባቸውም ነበር፤ ይህ ልማድ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ምጣዱ የሚሰማው፥ ቡናውም የሚፈላው ከእነርሱ በተገዛ እንጨት ሲሆን፥ የሰፈሩ ጥናት ከደጁ ወደ ውስጥ ብቻ ይመለከታል። በር ላይ የሚቀር ሰው ባለቤቱም ተመራማሪውም አይቈጥረውም።

ስለዚህ ነገር ካንድ መምህሬ ጋር ተከራክሬ ነበር። እሳቸው፥ የሕዝብ ቈጠራ ሰውን የሚመዘግበው በሚያድርበት ነው፤ እንጨት ሻጭን ከሰፈሩ ብንቈጥር አንዱን ሰው በሁለት ቦታ እንቈጥራለን አሉኝ። ለቈጠራ ትክክል ነው። የእኛ ጥናት ግን «በሰፈሩ እንዴት ይኖራል?» የሚል ነውና፥ ማገዶውንና ውሃውን ማን እንደሚያመጣው ካልጠየቅን አርእስቱን አልመለስንም። እሳቸውም ጥቂት አስበው፥ «እንዲህ ከሆነ ጥያቄውን ጨምርና ተመለስ» አሉኝ።

ተመልሼ ሄድሁ። እኚያ እናት የሸክሙን ዋጋ፥ የምትመጣበትን ቀንና እርጥብ እንጨት ያመጣችበትን ጊዜ ሁሉ በቃላቸው ያውቃሉ። ስሟን ብጠይቃቸው ግን ዝም ብለው ቆዩና፥ «እኔ እንጃ ልጄ፤ ስትመጣ አጥሩን ትመታለች፥ እኔም እወጣለሁ» አሉኝ።