«ስለ እነዚህ ሰዎች ፊልም መሥራት ለምን አስፈለገ?» ፦ ስለ ጀርመን ዘጋቢ ፊልምና ስለ ጉዳይ ምርጫ

በማኅበራችን የጥናት ክበቦች አንድ የኪነት ሥራ ለውይይት በቀረበ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ጉዳዩ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ስለ ወዛደር ከሆነ ተራማጅ ይባላል፤ ስለ ተራራና ስለ ደመና ከሆነ ከትግል መሸሽ ነው ተብሎ ይታለፋል። ይህን ልማድ የወረስነው ከቀደመው የተማሪዎች እንቅስቃሴ ትውልድ ነው። ልማዱ በዘመኑ ጥቅም አልነበረውም አይባልም፤ ቢሆንም እንደ ማንኛውም ውርስ ሊፈተን ይገባዋል። ለፈተናውም ከጀርመን ዘጋቢ ፊልም የተሻለ መስክ ማግኘት ያዳግታል። ምክንያቱም በዚያች አገር በአንድ ምዕተ ዓመት ውስጥ የዋይማር ሪፐብሊክ፣ የናዚ አገዛዝ፣ ሁለት ተፃራሪ መንግሥታት፣ በመጨረሻም ውሕደት ተፈራርቀዋል፤ ካሜራው ግን ለአንድ ቀን እንኳ ሥራውን አላቋረጠም። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጉዳዩን ብዛት ለማወቅ ጥቂት ርእሶችን መጥራት ይበቃል። ዋልተር ሩትማን በ1927 የበርሊንን አንድ ቀን ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ቀረጸ። ሐርትሙት ቢቶምስኪ በ1986 የሂትለርን አውራ ጎዳናዎች መረመረ፤ ቬርነር ሄርዞግ በ1992 የኩዌትን የተቃጠሉ የነዳጅ ጉድጓዶች፣ ቪም ቬንደርስ በ2011 የፒና ባውሽን ውዝዋዜ አሳየ። የፌስቲቫል አዘጋጆች ይህን ሁሉ ደርድረው «እነሆ የፈጠራ ነፃነት» ማለት ይወዳሉ። እኔ ግን ዝርዝሩ በራሱ የሚያስረዳው ነገር የለም ባይ ነኝ። ሩትማንን እንውሰድ። የከተማው ባለጠጋና ለማኝ፣ መኪናና ፈረስ በፊልሙ ውስጥ ሁሉም አሉ፤ ነገር ግን ሁሉም ለቅንብሩ ምት እኩል ጥሬ ዕቃ ሆነዋል። ሲግፍሪድ ክራካወር ይህን ነቅሶ ነበር። ይኸው ዓይን በ1940 ለናዚ መንግሥት ስለ ታንኮች ፊልም ሲሠራ እምብዛም መለወጥ አላስፈለገውም።

እንግዲህ አንድ ጉዳይ ብቻ ይዘን፣ በአገዛዞች ሁሉ ውስጥ ሲታይ ምን እንደሚመስል እንከተለው። ጉዳዩ ክበቦቻችን ከሁሉ አስበልጠው የሚወዱት ይሁን፤ ይኸውም ሥራና ሠራተኛ ነው።

ሌኒ ሪፈንሽታል በ1935 ባቀረበችው «የፈቃድ ድል» ውስጥ አካፋ እንደ ጠመንጃ የተሸከሙ በሺህ የሚቆጠሩ የሥራ ግዳጅ ወጣቶች በኑረምበርግ ሜዳ ተሰልፈው ይታያሉ። ከየት እንደ መጡ ሲጠየቁ እያንዳንዱ የክፍለ ሀገሩን ስም ይጠራል። ካሜራው ፊታቸውን ቀረብ ብሎ፣ ከታች ወደ ላይ አንጋጦ ያነሣል። ጉዳዩ ላብ አደሩ ነው ብንል ማን ይከለክለናል? ቆሻሻ የለበሰ ባለጠጋ አይታይም፤ የቡርዧ ሳሎንም የለም። ሆኖም በዚያ ሁሉ አካፋ አንድ ጉድጓድ እንኳ ሲቆፈር አናይም። ሠራተኛው አለ፤ ሥራው የለም። የሠራተኛው ፊት የቀረበውም ሊጠፋ፣ ማለትም በሰልፉ ውስጥ ሊቀልጥ ነው።

ከዚህ አጠገብ የዩርገን ቦትሸርን «ራንጊረር» ማስቀመጥ ይገባል። ፊልሙ በ1984 በምሥራቅ ጀርመን የመንግሥት ፊልም ድርጅት፣ በዴፋ፣ የተሠራ ሲሆን ርዝመቱ ወደ 22 ደቂቃ ነው። ስፍራው የድሬስደን የጭነት ባቡር ጣቢያ፣ ጊዜው ክረምት ነው። የፉርጎ ሠራተኞች በበረዶና በጭጋግ ውስጥ በሚንከባለሉ ፉርጎዎች መካከል እየገቡ አንዱን ካንዱ ያጋጥማሉ፣ ይለያያሉ። ተራኪ ድምፅ የለም፤ ሙዚቃ የለም፤ ቃለ መጠይቅም የለም። የሚሰማው የብረት ግጭትና አልፎ አልፎ ከሩቅ የሚመጣ ጥሪ ብቻ ነው። ምርት በመቶ ይህን ያህል አደገ የሚለን የለም፤ ሰውዬው ጀግና ነው የሚለንም የለም። ነገር ግን ያ ሰው ጎንበስ ብሎ ሁለት ፉርጎዎች ከመጋጠማቸው በፊት እጁን ሲያስገባና ሲያወጣ የምናየው በሙሉ ጊዜው ነው፤ የእኛም ትንፋሽ ከእርሱ ጋር ይያዛል። የሠራተኛ መደብ መንግሥት ነኝ ይል የነበረ አገዛዝ ይህን ፊልም በምን ዓይን እንዳየው መገመት አያስቸግርም፤ የሚወቅሰው ቃል የለበትም፤ የሚያመሰግነውም ቃል የለበትም።

ቦትሸር ይህን ዝምታ በዋዛ አልደረሰበትም። በ1961 «ከብዙዎች ሦስቱ» በሚል ርእስ በእጃቸው ሥራ እያደሩ ሥዕል ስለሚሥሉና ስለሚቀርጹ የድሬስደን ጓደኞቹ ፊልም ሠርቶ ነበር። ከዚህ የተሻለ «ትክክለኛ ጉዳይ» ከየት ይመጣል? ጥበብ ከሰፊው ሕዝብ መካከል ሲበቅል የሚያሳይ ነው! ፊልሙ ታገደ፤ ለሕዝብ የታየውም አገዛዙ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። ለባለሥልጣናቱ ያልተመቻቸው ርእሱ ሳይሆን ሰዎቹ ማንንም ሳያስፈቅዱ ደስተኞች ሆነው መታየታቸው ነበር።

ከርእሴ በላይ ያሰፈርኩት ጥያቄ የቶማስ ሃይዘ ፊልም ስም ነው። ሃይዘ በ1980 በባበልስበርግ የፊልም ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ፣ በምሥራቅ በርሊን ስለሚኖሩ፣ በጥቃቅን ወንጀል ከፖሊስ ጋር ስለተላመዱ ሁለት ወንድማማቾች አጭር ፊልም ሠራ። «ስለ እነዚህ ሰዎች ፊልም መሥራት ለምን አስፈለገ?» ይላል ርእሱ። ይህ የሳንሱር ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ልብ እንበል፣ የእኛም የጥናት ክበብ ጥያቄ ነው። ወንድማማቾቹ የነቁ ወዛደሮች አይደሉም፤ ለማንም አርአያ አይሆኑም። ፊልሙ ወጥ ቤታቸው ገብቶ፣ እናታቸውም ባለችበት፣ እንዴት እንደሚኖሩ ይጠይቃቸዋል፤ መልሳቸውንም ሳይቆርጥ ይሰማል። በዚያች አገር ለሕዝብ እንዲታይ አልተፈቀደም።

ከዚህም የሚደንቅ ነገር ተከተለ። ምሥራቅ ጀርመን ከ1970ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1986 ድረስ አንድ ልዩ የመንግሥት ክፍል ነበራት፤ ሥራው ለመዝገብ ቤት ብቻ የሚቀመጡ ዘጋቢ ፊልሞችን ማዘጋጀት ነበር። ወደ 300 የሚጠጉ ተሠርተዋል። ዓላማው መጪው ትውልድ ሶሻሊዝም እንዴት እንደ ተገነባ፣ ችግሩንም ጨምሮ፣ እንዲያውቅ ነው ተባለ። የዘመኑ ሰው ግን እንዲያያቸው አልተፈለገም። ሃይዘ በ1984 ለዚህ ክፍል «ቤቱ» የተባለውን ፊልም በበርሊን አሌክሳንደር አደባባይ በሚገኝ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሠራ። ባለ ጉዳዮች ይገባሉ፤ መኖሪያ ቤት ይጠይቃሉ፤ ከጠረጴዛው ወዲያ የተቀመጠው ሰው ደንቡን ያስረዳል። ማንም አይጮህም። የመንግሥት ሳይንስ ተማሪ እንደ መሆኔ ስለ ቢሮክራሲ ብዙ ገጽ ማንበቤ አልቀረም፤ አንድ ዜጋ ወንበር ላይ እንዴት እንደሚቀመጥና እንዴት እንደሚነሣ በማሳየት ብቻ ሥልጣንን ያብራራ ጽሑፍ ግን አላጋጠመኝም። ስለ ራሱ እውነቱን እንዲቀረጽለት የሚፈልግ፣ ነገር ግን እውነቱን ከኗሪዎቹ የሚደብቅ መንግሥት! ጉዳዩ ተፈቅዷል፤ የተከለከለው ተመልካቹ ነው። የአንድን ሥራ ጉዳይ ስንመዝን ይህ ጥያቄ አይነሣብንም፤ ለማን ነው የሚታየው?

«በጎ ጉዳይ» ምን ያህል መጋረጃ ሊሆን እንደሚችል ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሌላው ሁሉ ይበልጥ የሚነካን ምሳሌ አለ። ቫልተር ሃይኖቭስኪና ጌርሃርት ሾይማን በ1966 ያቀረቡት «የሚስቀው ሰውዬ» በኮንጎ ስለ ተዋጋው ቅጥረኛ ወታደር፣ ስለ ዚግፍሪድ ሙለር ነው። ሙለር የጦር ልብሱን ለብሶ፣ የናዚ ዘመን ሜዳሊያውን አንጠልጥሎ፣ እየጠጣና እየሳቀ ስለ ግድያ ይናገራል። ጠያቂዎቹ የምዕራብ ጀርመን የቴሌቪዥን ሰዎች መስለው ቀርበውታል፤ መጠጡንም የቀዱለት እነርሱ ናቸው። ከቅኝ ግዛት ጋር የሚደረገውን ትግል የሚደግፍ ሁሉ ይህን ፊልም ቢያደንቅ አይፈረድበትም፤ እኔም ሙለር በገዛ አፉ የመሰከረውን አላስተባብልም። ነገር ግን የአፍሪቃን ደም የሚያወግዘውን ይህን ፊልም ያሠራው መንግሥት፣ ከ1977 ጀምሮ ለደርግ የጦር መሣሪያና የደኅንነት ሥልጠና የሰጠው ያው መንግሥት ነው። ቀይ ሽብር በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሬሳ ሲያነጥፍ ከምሥራቅ በርሊን አንድም «የሚስቅ ሰውዬ» ፍለጋ የመጣ ካሜራ አልነበረም። ኮንጎ ጉዳይ ሆነች፤ የእኛ ሙታን ጉዳይ አልሆኑም። ሾይማን ራሱ የአገሩን የዜና ማሰራጫዎች በጉባኤ ላይ በተቸ ጊዜ የሁለቱ ስቱዲዮ በ1982 ተዘጋ፤ ለፓርቲው ሲባል ያገኙት መብት በፓርቲው ተነጠቀ።

ወደ ምዕራቡ ስንሻገር ገንዘቡ ከፓርቲ ሳይሆን በአብዛኛው ከቴሌቪዥን ጣቢያዎች ነው የሚመጣው፤ ይህም የራሱ ልጓም አለው። ስለ ልጓሙ ግን ሌላ ጊዜ ይጻፍ። እዚህ የምቆመው በሐሩን ፋሮኪ ላይ ነው። ከበርሊን የፊልም አካዳሚ በፖለቲካ ምክንያት ከጓደኞቹ ጋር የተባረረው ይህ ሰው (በ2014 አርፏል) በ1969 «የማይጠፋ እሳት» የተባለውን ፊልም ሠራ። ጉዳዩ ናፓልም ነው። ፋሮኪ ራሱ ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጦ የአንድ ቬትናማዊ ምስክርነት ያነባል። ከዚያም የቃጠሎውን ሥዕል ብናሳያችሁ ዓይናችሁን ትጨፍናላችሁ፤ መጀመሪያ ከሥዕሉ፣ ቀጥሎም ከእውነቱ ራሱ ትሸሻላችሁ ይላል። ሲጋራ አንሥቶም በገዛ ክንዱ ላይ ያጠፋዋል። ሲጋራ የሚነደው በ400 ዲግሪ፣ ናፓልም ግን በ3000 ዲግሪ መሆኑን አንድ ድምፅ ይነግረናል። ሬሳ የለም፤ ሕፃን የለም፤ አንድ ትንሽ ጠባሳ ብቻ። የቀረው የፊልሙ ክፍል የናፓልሙ አምራች ኩባንያ ውስጥ ኬሚስቱም ሠራተኛውም የሥራውን ቁራጭ ብቻ እያየ ጠቅላላውን እንዴት እንደማያይ በተዋንያን ያሳያል። በዚህ ምክንያት ዘጋቢ ሊባል አይገባውም የሚሉ አሉ፤ ክርክሩ ብዙ የሚጠቅም አይመስለኝም።

የፋሮኪ ጥንቃቄ ለእኛ ረቂቅ ፍልስፍና አይደለም። በ1973 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረኃብ ለዓለም ያሳየ ፊልም ሠራ። በሚቀጥለው ዓመት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ ደርግ ያንኑ ፊልም በቤተ መንግሥት የግብዣ ሥዕሎች ጣልቃ አስገብቶ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሰራጨው። ረኃቡ እውነት ነበር፤ ግብዣውም እውነት ነበር። መቀሱን የያዙት ግን ወታደሮች ነበሩ፤ ያዩ ዓይኖች ሁሉ ለማልቀስ እንጂ ቀጥሎ ማን ይገዛል ብለው ለመጠየቅ ጊዜ አልተሰጣቸውም።

ፊት ለፊት የሚያስለቅስ ሥዕልን ከሚሸሹት መካከል ኤበርሃርት ፌሽነርም አለ። በዱሰልዶርፍ ከ1975 እስከ 1981 ስለ ተካሄደው የማይዳኔክ የሞት ካምፕ ችሎት በ1984 ባቀረበው ሥራ፣ ተከሳሾችን፣ ምስክሮችንና ዳኞችን ለየብቻ አነጋግሮ ንግግራቸውን እርስ በርስ እንደሚመላለሱ አድርጎ ሰፋው። አራት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል፤ አድካሚም ነው፤ ችሎቱ ከአምስት ዓመት በላይ መፍጀቱን ላሰበ ግን ብዙ አይደለም።

ጊዜን ራሱን ጉዳይ ያደረጉም አሉ። ቪንፍሪድና ባርባራ ዩንገ በኦደር ወንዝ ቆላ ያለችውን የጎልጾቭን የአንድ ክፍል ተማሪዎች ከ1961፣ ማለትም የበርሊን ግንብ ከተሠራበት በጋ ጀምሮ እስከ 2007 ተከታትለዋል። ፎልከር ኮፕም በቪትሽቶክ የሹራብ ፋብሪካ የሚሠሩ ሴቶችን ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 1997 ደጋግሞ ጎብኝቷል። የጎልጾቭ ተከታታይ መጀመሪያ አዲሱን ሰው ለማሳየት የታቀደ ነበር፤ አንዳንዱ ክፍሉ ዛሬ ሲታይ ድርቅ ያለ ነው። የኮፕን እመርጣለሁ። በመጀመሪያው ፊልም ስለ ምርት ጉድለት ከአለቆቻቸው ጋር የሚከራከሩት ልጃገረዶች፣ በመጨረሻው ፋብሪካው ተዘግቶ ሥራ አጥ ሆነው ይታያሉ። ኮፕ ከሁለቱ ሥርዓቶች የቱ ይሻላል ብሎ አይጠይቃቸውም፤ ዛሬ ምን ስትሠሩ ዋላችሁ ይላል እንጂ።

ከቅርቡ ዘመን በስደት ለምንኖር ሁሉ የምመክረው ማሪያ ሽፔት በ2021 ያቀረበችውንና በበርሊን ፌስቲቫል የብር ድብ ሽልማት ያገኘውን «አቶ ባኽማንና ክፍላቸው» ነው። ርዝመቱ 217 ደቂቃ ነው። ከተማዋ ሽታትአሌንዶርፍ ትባላለች፤ በናዚ ዘመን የፈንጂ ፋብሪካዎች ነበሩባት፤ በግዳጅ የመጡ የባዕድ አገር ሰዎች ሠርተውባታል። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ «እንግዳ ሠራተኞች» የተባሉት ከቱርክና ከሌሎችም አገሮች ገቡ። ፊልሙ ይህን ታሪክ የሚነግረን በችኮላ አይደለም፤ ልጆቹ ለጉብኝት ሲሄዱ አብረን እንሰማዋለን። በክፍሉ ውስጥ ወላጆቻቸው ከየአገሩ የመጡ፣ ገና ጀርመንኛ ያልቀናቸው የ12 እና የ14 ዓመት ልጆች ተቀምጠዋል። ሽማግሌው መምህር ጊታር ይጫወቱላቸዋል፤ ይቆጧቸዋል፤ ያስቋቸዋል። በዓመቱ መጨረሻ ግን ለእያንዳንዱ ነጥብ መስጠት አለባቸው፤ በዚያም ነጥብ ማን ወደ ከፍተኛው፣ ማን ወደ ዝቅተኛው ትምህርት ቤት እንደሚሄድ ይለያል። መምህሩ ነጥቡ እናንተን አይገልጽም ይሏቸዋል። ልጆቹ ወረቀቱን ተቀብለው ያነባሉ፤ ካሜራውም ፊታቸው ላይ ይቆያል።