የሚሞቀው መስታወት ለማን ነው?

ስፖርት መኪና ሊገዛ የተነሳ ሰው ስለ ፈረስ ጉልበቱ፣ ስለ ጎማው፣ ስለ ጭስ ማውጫው ድምፅ ጠያይቆ ሲያበቃ፣ ሒሳብ ሊዘጋ ሲል ነው ስለ መስታወቱ የሚያነሳው። የሚሞቅ የፊት መስታወት ይኑረው ወይስ ይቅር? ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ የመኪና መስታወት በመቀየር ነው የምተዳደረው፤ ጥያቄው አዲስ ከሚገዛውም አሮጌ ከሚያድሰውም ይደርሰኛል። አብዛኛው ሰው መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ለምቾት መኪና ያምራል፣ ለቀላል መኪና ግን ትርፍ ክብደት ነው ይላል። እኔ ከሥራው ያየሁት ተቃራኒውን ነው። መኪናው ከምቾት ዕቃ በተራቆተ ቁጥር የሚሞቅ መስታወት ይበልጥ ያስፈልገዋል።

ነገሩን ላላዩት፦ የፊት መስታወት ሁለት ስስ መስታወቶች መሃላቸው ፕላስቲክ ገብቶ የተጣበቁበት ነው። በሚሞቀው ዓይነት ፕላስቲኩ ላይ ከፀጉር የቀጠነ የተንግስተን ሽቦ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። በሽቦና በሽቦ መካከል ያለው ርቀት ጥቂት ሚሊሜትር ነው፤ ሽቦዎቹም የፊት ለፊት መብራት እንዳይበትኑ ሆን ተብሎ ትንሽ እንዲጠማዘዙ ይደረጋሉ። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1985 በስኮርፒዮ መኪናው ላይ ይህን ለአውሮፓ ገበያ አቀረበ፤ ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ ተራ ፊየስታ ላይ እንኳ ስላለ ማንም አይደነቅበትም። አሜሪካ ውስጥ ግን ያው ፎርድ በ1986ቱ ቶረስ ላይ ሽቦውን ትቶ ዓይን የማይለየው ስስ የብር ቅብ ሞከረ። ቅቡ ለዓይን ይመቻል፤ ብረት ስለሆነ ግን የሬዲዮ ሞገድ ያግዳል። የመንገድ ክፍያ መሣሪያ መስታወታቸው ላይ ለጥፈው በሩ አልከፈት ያላቸው ሰዎች ያውቁታል።

ወደ ኤሌክትሪኩ እንምጣ። አንድ ኪሎ በረዶ ዜሮ ዲግሪ ላይ ሆኖ ወደ ውኃ ለመለወጥ ብቻ 334 ኪሎጁል ይበላል። አንድ ካሬ ሜትር መስታወት ላይ አንድ ሚሊሜትር በረዶ ቢጋገር ክብደቱ 900 ግራም ገደማ ነው፤ 600 ዋት የሚስብ መስታወት ሁሉንም ላቅልጥ ቢል ስምንት ደቂቃ ያልፈዋል። ደግነቱ ሁሉንም ማቅለጥ አይጠበቅበትም። ሙቀቱ የሚመጣው ከሥር ስለሆነ መስታወቱን የነካው ስስ ሽፋን ከለቀቀ ይበቃል፤ የቀረውን መጥረጊያው ገፍቶ ይጥለዋል። ጎረቤት ገና መፋቂያ ሲፈልግ ባለ ሽቦው መኪና የሚወጣው ለዚህ ነው። ግን ያው 600 ዋት ከዲናሞው 45 አምፒር ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ሞተሩ ካልተነሳ አይሠራም፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ራሱ ይጠፋል። የአንዳንድ አሮጌ ትናንሽ ስፖርት መኪና ዲናሞ ደግሞ ይህን ያህል አያወጣም፤ መብራትና መጥረጊያ ሲጨመርበት ጉድለቱን ከባትሪ መበደር ይጀምራል።

ሰው ሁሉ የሚያስበው ግን በረዶውን ብቻ ነው። የእኔ ጭንቀት ላቡ ነው። ካተራም ሰቨንን ውሰዱ፤ ኮሊን ቻፕማን በ1957 ካወጣው ሎተስ ሰቨን የወረደ፣ ከ1973 ጀምሮ በካተራም ስም የሚሠራ ባለ ሁለት ወንበር መኪና ነው። ጣሪያው ሸራ፣ በሩም ለስላሳ ነው፤ ክብደት ለመቀነስ ሲሉ ሂተር ሳያስገጥሙ የሚያዙት አሉ። ኤሲ የሚባል ነገር የለም። ሁለት ሰው ዝናብ የመታው ልብስ ለብሶ ገብቶ ሸራው ሲዘጋ፣ ትንፋሹም የልብሱ እርጥበትም ፊት ለፊት ካለችው ቀዝቃዛ መስታወት በቀር የሚያርፍበት የለውም። ይህ ጥር ላይ ብቻ የሚሆን አይደለም፤ ግንቦት ላይ ሞቅ ያለ ዝናብ ሲዘንብም ያው ነው። እዚህ መኪና ላይ ሽቦው ቅንጦት አይባልም፤ የሂተሩንም የኤሲውንም ሥራ ብቻውን ይሠራል። መስታወቱ ከአንድ ካሬ ሜትር ግማሽ እንኳ ስለማይሞላ የሚስበው ኤሌክትሪክም ጥቂት ነው። የራሊና የረጅም ርቀት ውድድር መኪኖች የሚሞቅ መስታወት የሚገጥሙት በዚሁ ስሌት ነው፤ ከባዱን አየር መንፊያ አውጥቶ በምትኩ ሽቦ ማስገባት ክብደት ያተርፋል። «ትርፍ ክብደት ነው» ለሚለኝ ሰው የምመልሰው ይህንን ነው።

አሮጌው ፖርሽ 911ም ከዚህ ወገን ነው። እስከ 1998 ድረስ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለነበር የተሳፋሪው ሙቀት የሚመጣው ከጭስ ማውጫው ዙሪያ ነው፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ቀስ ብሎ ሲሄድ መስታወቱን የሚያጠራ ሙቀት አይገኝም። ከዚያ ወዲህ የመጡት፣ በውኃ የሚቀዘቅዙትና ኤሲያቸው ደህና የሆነው፣ አየሩን አድርቀው ላቡን ስለሚያጠፉት ሽቦው የሚጠቅማቸው ጠዋት ለሚገኝ አመዳይ ነው። እሱም ቢሆን ውጭ ለሚያድር መኪና ነው። እንግሊዝ ውስጥ ክረምት ሲገባ መንገዱ ጨው ይበተንበታል፤ ብዙ የስፖርት መኪና ባለቤት ያንን ሸሽቶ መኪናውን እስከ ጸደይ ጋራዥ ይዘጋበታል። እንዲህ ያለውን ሰው ገንዘብህን አታባክን እለዋለሁ።

አመዳይ ላይ ግን ስፖርት መኪና ከሌላው ይብሳል። ጥርት ባለ ሌሊት የተንጋለለ መስታወት ከሰማዩ ጋር ፊት ለፊት ይተያያል፤ ሙቀቱን ወደዚያ ሲለቅ አድሮ፣ አየሩ ከዜሮ ሁለት ሦስት ዲግሪ ከፍ ብሎ ሳለ እንኳ አመዳይ ይይዘዋል። አጠገቡ የቆመ ቫን፣ መስታወቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ፣ ደርቆ ሊያድር ይችላል። ሕጉም ቀዳዳ ብቻ ፍቆ መንዳትን አይፈቅድም፤ የእንግሊዝ የመንገድ ደንብ ቁጥር 229 መስኮቱ ሁሉ ከበረዶ መጽዳት አለበት ይላል። ሞተሩን አስነስቶ ቁልፉን ትቶ ቤት መግባት ደግሞ ከሌባም ከፖሊስም ያጣላል።

አንድ የአገሬ ልጅ ያገለገለ ጃጓር ኤፍ-ታይፕ ሊገዛ ሁለት አማርጦ ደወለልኝ። አንደኛው የሚሞቅ መስታወት አለው፤ ሌላው የለውም፣ ጭስ ማውጫው ግን ያጓራል።

«ጋሼ፣ የቱን ልውሰድ?»

«መኪናው የት ነው የሚያድረው?»

«መንገድ ላይ።»

«ስንት ሰዓት ትወጣለህ?»

«አስራ አንድ ሰዓት ተኩል፤ የጠዋት ተረኛ ነኝ።»

እንዲህ ከሆነ የሚሞቀውን አልኩት። ነገር ግን ጉዞህ ጨለማ ላይ ስለሆነ ማታ ሄደህ ንዳው፣ መኪና ሲመጣብህ መብራቱ እንዴት እንደሚታይህ እይ ብዬ ጨመርኩለት። ሽቦው መብራት ሲያርፍበት ጭረት ጭረት የሚል ጮራ ያወጣል፤ አንዳንዱ ዓይን በሳምንት ይለምደዋል፣ አንዳንዱ ጨርሶ አይለምደውም። በማግስቱ ደወለ። «ጋሼ፣ ባይነግሩኝ ኖሮ አላየውም ነበር። አሁን ግን ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ!» የሚያጓራውን ገዛ። አልተቆጣሁም፤ የኤፍ-ታይፕ ኤሲ ላቡን ይችለዋል፣ መፋቂያም ርካሽ ነው። ልጅነትም አለበት።

በኋላ ላስገጥመው ለሚል ግን ነገሩ ይከብዳል። መስታወቱ ለዚያ መኪና ባለ ሽቦ ሆኖ የተሠራ መሆን አለበት፤ ለብዙ ስፖርት መኪና ደግሞ እንዲያ ያለ የለም። ካለም ወፍራም ገመድ፣ ሪሌ፣ ፊውዝና ማብሪያ ከነመስመሩ መዘርጋት ይፈልጋል። ሰቨን ላይ መስታወቱ ዝርግ ስለሆነና በፍሬሙ ስለሚወጣ ቀላል ነው። ታጥፎ በማስቲሽ የተጣበቀ መስታወት ላይ ከሆነ ግን ከፋብሪካው ያልታዘዘውን ባትነኩት ይሻላል።

የጥገናው ነገርም አለ። ሽቦዎቹ ጎን ለጎን የተያያዙ ስለሆኑ ጠጠር አንዱን ቢበጥስ የሚሞተው እሱ ብቻ ነው። ይህን ጠዋት ላቡ ሲለቅ ማየት ነው። መስታወቱ መጀመሪያ በሽቦዎቹ ዙሪያ በቀጭን በቀጭኑ ይጠራል፤ ከዚያ መስመሮቹ እየሰፉ ይገናኛሉ። ሽቦው የተበጠሰበት ላይ ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ጭጋጋማ ሰረዝ ቆሞ ይቀራል፤ ጣቴን በሰረዙ ላይ ሳወርድ ጠጠሩ የመታውን ነጥብ አገኘዋለሁ። ጉዳቱ ሽቦዎቹን ሁሉ ከሚያገናኘው የጠርዝ ብረት ላይ ከደረሰ ግን ግማሽ መስታወት በአንዴ ይጠፋል፤ ያ አይጠገንም፣ ይቀየራል። ባለ ሽቦው ከተራው ይወደዳል፤ ኢንሹራንስ ቢሸፍነውም ከኪስ የሚወጣ ድርሻ አለ።

አዲስ አበባ ሳለሁ ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረም። ከአውሮፓ አገልግሎ የገባ መኪና መስታወቱ ሲሰበር ባለ ሽቦውን ሶማሌ ተራ ሄዶ የሚፈልግ የለም፤ ተራው ይገጠማል፣ ማብሪያው ክሩስኮቱ ላይ ሥራ ፈትቶ ይቀራል። ሐምሌ ላይ መስታወቱ ሲያልበው ጨርቅ ከኪስ ይወጣል። እንደ እውነቱ ከሆነ ለአዲስ አበባ ክረምት ያ ሽቦ ከእንግሊዝ በረዶ ባልተናነሰ ይሠራ ነበር።

ያገለገለ ስፖርት መኪና የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ በበጋ ነው፤ ሻጩም «መስታወቱ ይሞቃል» ብሎ ያልፋል። ሞተሩን አስነሱና ማብሪያውን ተጫኑ፤ የማብሪያው መብራት መብራቱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። መስታወቱ ብዙ ጊዜ ግራና ቀኙ ለየብቻ ነው የሚሞቀው፤ የግማሹ መቋቋም ከአንድ ኦም በታች ስለሆነ በተራ ቴስተርም አትልፉ፤ ቁጥሩ ከቴስተሩ ገመድ ጋር ይደባለቃል። መኪናውን ጥላ ሥር አቁሙ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ የእጃችሁን ጀርባ ከውስጥ በኩል መጀመሪያ ሾፌሩ ፊት፣ ቀጥሎ ተሳፋሪው ፊት አሳርፉ። አንዱ ወገን ሞቆ ሌላው ከቀዘቀዘ ፊውዙን አስፈትሹ። ፊውዙ ደህና ከሆነ የአዲስ መስታወት ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ ይቀነስ።